የሰኔ ዝናብ ገጣሚ፦ ሳፓርዲ ጆኮ ዳሞኖ ማን ነበር?

ኢንዶኔዥያ ውስጥ የሠርግ ጥሪ ወረቀት ቢደርሳችሁ፣ ከሙሽሮቹ ስም ጋር አንዲት አጭር ግጥም ታትማ ልታገኙ ትችላላችሁ። በግርድፉ «ልወድሽ የምፈልገው በቀላሉ ነው» ትላለች። እንጨት አመድ ለሚያደርገው እሳት ሊነግረው ፈልጎ ጊዜ ያጣበትን ቃል ታነሳለች። ደመናም እንዲሁ ለሚያጠፋው ዝናብ ሊያደርሰው ያልቻለ ምልክት አለው። በቃ፣ ይህችው ናት።

ብዙ ጊዜ ከሥሯ የሊባኖሳዊው ባለቅኔ የካሊል ጂብራን ስም ሰፍሮ ይታያል። ስሕተት ነው። የጻፋት ሳፓርዲ ጆኮ ዳሞኖ የሚባል የጃቫ ደሴት ሰው ነው፤ በ1989። የሚገርመው የጂብራንን «ነቢዩ» ወደ ኢንዶኔዥያኛ ከተረጎሙት አንዱ ራሱ ሳፓርዲ ነው። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ሰኔ ስል ጁን ማለቴ ነው።)

አገሩ ሳፓርዲን የሚያውቀው የፍቅርና የዝናብ ገጣሚ አድርጎ ነው። ይህ ግን የሰውየው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ዕድሜውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያሳለፈ ሐያሲ ነው። ሥነ ጽሑፍ ከማኅበረሰቡ ተነጥሎ አይነበብም ብሎ ሲያስተምር የኖረ፣ ለዚህም መማሪያ መጽሐፍ የጻፈ ምሁር። ሐያሲውን ሳያውቁ ገጣሚውን ብቻ የሚያነቡ ሰዎች ግጥሞቹን የካርድ ጌጥ አድርገው ያስቀሯቸዋል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ እዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ላሳያችሁ።

ከልጅነቱ እንጀምር። ሳፓርዲ መጋቢት 20 ቀን 1940 በማዕከላዊ ጃቫ፣ በሱራካርታ ከተማ ተወለደ። የአገሩ ሰው ከተማዋን ሶሎ ይላታል። ሶሎ የነገሥታት ከተማ ናት። ቤተ መንግሥቷ እስካሁን አለ፤ የሳፓርዲም ቤተሰብ በአባቱ ወገን የቤተ መንግሥት አገልጋይ ነበር። በዚያ ከተማ ያደገ ልጅ ዋያንግ የሚባለውን የጥላ ትያትር ሳያውቅ አያድግም። ከቆዳ ተቀርጸው የተሠሩ አሻንጉሊቶች በመብራትና በተወጠረ ጨርቅ መካከል ይንቀሳቀሳሉ፤ ተመልካቹ በጨርቁ ላይ ጥላቸውን ያያል። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ በኋላ ይጠቅመናል።

በ1957 ቤተሰቡ ከመሃል ከተማ ወጣ ወዳለ፣ መብራት ወዳልገባበት ሰፈር ተዛወረ። ልጁ ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። ግጥም መጻፍ የጀመረው በዚያው ዓመት፣ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው። ትምህርቱን ሲጨርስ ዮግያካርታ ወደሚገኘው ጋጃ ማዳ ዩኒቨርሲቲ ገባና የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ አጠና። ቆይቶ የሄሚንግዌይን «ሽማግሌውና ባሕሩ» እና የስታይንቤክን «የቁጣ ወይን ፍሬዎች» ወደ ኢንዶኔዥያኛ መልሷል።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ልበል። የሳፓርዲ የአፍ መፍቻ ኢንዶኔዥያኛ አይደለም፤ ጃቫኛ ነው። ኢንዶኔዥያኛ የተገነባው በማላይ ቋንቋ ላይ ነው፤ ማላይ ደግሞ በደሴቶቹ ሁሉ የንግድ መግባቢያ የነበረ ቋንቋ ነው። በ1928 ወጣቶች በጃካርታ (ያኔ ባታቪያ ትባል ነበር) ተሰብስበው «አንድ አገር፣ አንድ ሕዝብ፣ አንድ የጋራ ቋንቋ» ብለው ማሉ። የሚደንቀው ግን ከሁሉ የበዛ ተናጋሪ ያለው ጃቫኛ ሆኖ ሳለ አልተመረጠም። ጃቫኛ ደግሞ ማን ለማን እንደሚናገር እያየ ቃላቱን የሚቀያይር፣ በክብር ደረጃ የተከፋፈለ ቋንቋ ነው። ኢንዶኔዥያኛ ያንን ሁሉ አይጠይቅም። የሳፓርዲ ትውልድ ገጣሚዎች ቤት ውስጥ በአንዱ እያወሩ፣ ወረቀት ላይ በሌላው ይጽፉ ነበር። እሱ ከአዲሱ ቋንቋ የመረጠው በጣም ተራ ተራ ቃላቱን ነው፤ ዝናብ፣ ቅጠል፣ መስኮት፣ ጥላ፣ መንገድ።

ለምን? ለዚህ መልስ ዘመኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ዘመኑ የጩኸት ዘመን ነበር።

ኢንዶኔዥያ በ1945 ነፃነቷን አወጀች። በግጥሙ በኩል የወቅቱ ኮከብ ቻይሪል አንዋር ነበር፤ በ1949 ገና በ26 ዓመቱ የሞተ፣ ድምፁ ከፍ ያለ፣ «እኔ» ብሎ በልበ ሙሉነት የጮኸ ወጣት። ከእሱ በኋላ ጩኸቱ ወደ ፖለቲካ ዞረ። በ1950 ሌክራ የሚባል የባህል ማኅበር ተቋቋመ። ሌክራ ለኮሚኒስት ፓርቲው ቅርብ ነበር፤ ፓርቲው ደግሞ በጊዜው ከሶቭየት ኅብረትና ከቻይና ውጭ በዓለም ትልቁ ነበር። የሌክራ መፈክር «ፖለቲካ አዛዥ ነው» የሚል ነው። ደራሲ ሕዝብን ማገልገል አለበት፤ ሕዝብን ማገልገል ማለት ደግሞ አብዮቱን ማገልገል ነው አሉ። በነሐሴ 1963 ሌሎች ጸሐፊዎች «የባህል ማኒፌስቶ» የሚል መግለጫ አወጡ። ጥበብ የየትኛውም ፓርቲ ሎሌ አይሁን አሉ። ፕሬዚዳንት ሱካርኖ ዘጠኝ ወር ሳይሞላ፣ በግንቦት 1964፣ መግለጫውን አገዱት። ፈራሚዎቹ በየጋዜጣው ተወገዙ።

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። በመስከረም 1965 መጨረሻ ሌሊት ስድስት ጄኔራሎች ታፍነው ተገደሉ። ጦሩ ኮሚኒስቶቹ ናቸው አለ። በቀጣዮቹ ወራት የደረሰው እልቂት በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከታዩት አስከፊዎቹ አንዱ ነው፤ ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች የሟቾቹን ቁጥር ቢያንስ ግማሽ ሚሊዮን ያደርሱታል። ምሥራቅ ጃቫ እልቂቱ ከከፋባቸው አካባቢዎች አንዱ ነበር። ሌክራ ጠፋ። ታላቁ ልብ ወለድ ጸሐፊ ፕራሙድያ አናንታ ቱር ያለ ፍርድ እስከ 1979 ታሰረ፤ ብዙውን ዓመት ያሳለፈው ቡሩ በምትባል የግዞት ደሴት ነው። ሥልጣኑን የያዙት ጄኔራል ሱሃርቶ አገሪቱን እስከ 1998 ገዙ።

ሳፓርዲ ያኔ የት ነበር? ምሥራቅ ጃቫ ውስጥ፣ ማዲዩን በምትባል ከተማ። የ25 ዓመት ወጣት የእንግሊዝኛ መምህር ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወጣት ገጣሚዎች የተቃውሞ ግጥም ጻፉ፤ በሰልፍ ላይ የሚነበብ ዓይነት። ሳፓርዲ ግን በ1967 እና በ1968 የጻፋቸውን ግጥሞች ሰብስቦ በ1969 «ሐዘንህ ዘለዓለማዊ ነው» በሚል ርዕስ አወጣ። «አንተ» የሚለው እግዚአብሔርን ነው። መጽሐፏን ያሳተመለት የሶሎ ጓደኛው፣ ሠዓሊው ጄይሃን ነው፤ ዓይናቸው ጥቁር ብቻ የሆነ ሰዎችን በመሣል የታወቀው። በግጥሞቹ ውስጥ ሰልፍ የለም፣ መሪ የለም፣ ጠላት የለም። ያለው አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው፣ ሰዓት፣ ነፋስ፣ ሞት ነው።

ገጣሚና ሐያሲ የነበረው ጉናዋን ሞሐመድ ወዲያው ስለዚህች መጽሐፍ ጻፈ። ጽሑፉን «ሁለተኛው የብቸኝነት ዜማ» አለው። ከእሱ በፊት አሚር ሐምዛ የሚባል የሱማትራ ልዑል «የብቸኝነት ዜማዎች» የሚል መድበል በ1930ዎቹ ጽፎ ነበርና፣ ጉናዋን ሳፓርዲን ከዚያ መስመር ጋር አገናኘው። አሪፍ ንባብ ነው። ግጥም ለሰልፍ ብቻ አልተፈጠረም፣ በቋንቋው ውስጥ ከቻይሪል በፊት የነበረ ሌላ ለስላሳ ድምፅ አለ፣ እሱ አልሞተም ማለቱ ነው።

ሌሎች ግን ሸሽቷል አሉ። አገር በደም ታጥባ እሱ ስለ ዝናብ ይጽፋል የሚለው ወቀሳ ሳፓርዲን ለዓመታት ተከትሎታል። ወቀሳውን በቀላሉ ማጣጣል ልክ አይመስለኝም፤ ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነው። ግን እስቲ አስቡት። «ፖለቲካ አዛዥ ነው» የሚሉት ሰዎች በሙሉ ተጠርገው፣ በቦታቸው ሌላ አዛዥ መጥቷል። ቃላት ሁሉ በመፈክር አልቀዋል። ሕዝብ፣ አብዮት፣ አገር የሚሉት ቃላት ሰው ሲገደልባቸው የከረሙ ናቸው። በዚህ ጊዜ ወደ ዝናብና ወደ ቅጠል መሄድ ቋንቋን ከደም ማጠብ ነው። እኔ እንዲህ አነበዋለሁ።

አሁን አንድ ግጥሙን ቀረብ ብለን እንየው። በ1971 የጻፈው ነው፤ ርዕሱ «በማለዳ ወደ ምዕራብ መሄድ»። የሚሆነው ነገር ይህ ብቻ ነው፦ አንድ ሰው በማለዳ ወደ ምዕራብ ይራመዳል። ፀሐይ ከኋላው ትከተለዋለች። ጥላው ከፊቱ ረዝሞ ይሄዳል። ተናጋሪው እንዲህ ይላል፦ እኔና ፀሐይ ጥላውን የፈጠርነው ማናችን ነን ብለን አልተጣላንም። እኔና ጥላዬም ፊት መምራት ያለበት ማናችን ነን ብለን አልተጣላንም። ግጥሙ እዚህ ላይ ያልቃል።

መጀመሪያ ስታነቡት ምንም የለበትም። ሁላችንም ያየነው ነገር ነው። ሁለተኛ ስታነቡት ግን ሦስት አካላት እንዳሉ ታያላችሁ፤ ብርሃን፣ ሰውና ጥላ። ጥላው እንዲኖር ብርሃንም ሰውም ያስፈልጋሉ። ማን ፈጠረው? መልስ የለውም፣ ወይም መልሱ ሁለቱም ነው። ጥላው ከፊት ነው የሚሄደው፣ ግን እየመራ ነው ማለት ነው? ሰውየው ነው የሚከተለው? ትንሽ ቆዩና ስለ ፈጣሪ፣ ስለ ነፍስ፣ ስለ ሥልጣን እያሰባችሁ ራሳችሁን ታገኙታላችሁ። ግጥሙ ግን አንዱንም ቃል አልጠራም።

ዋያንግን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። በጥላ ትያትር ውስጥ መብራቱ ከበላይ ይንጠለጠላል፤ አሻንጉሊቱን የሚያንቀሳቅሰው ዳላንግ ከመብራቱ ሥር ይቀመጣል፤ ጥላው ከፊት በጨርቁ ላይ ይወድቃል። የሶሎ ልጅ ይህን ከሕፃንነቱ ያውቀዋል። ሳፓርዲ ያንን መድረክ ወስዶ ጎዳና ላይ ያወጣው ይመስለኛል። መብራቱ ፀሐይ ሆነ። ጨርቁ መሬት ሆነ። ተመልካች ግን የለም። እኔ ደግሞ በጣም የምወደው «አልተጣላንም» የሚለውን ነው። ሁሉም ሰው ማን ይምራ እያለ በሚተላለቅበት አገር፣ ገና ደሙ ሳይደርቅ፣ አንድ ሰው ከጥላው ጋር ሳይጣላ መሄዱን ይነግረናል።

ሁለተኛው ግጥም «የሰኔ ዝናብ» ነው፤ በ1989 የተጻፈ። እዚህ ላይ የእኛ አገር አንባቢ መጠንቀቅ አለበት። ጁን ስንል እኛ የምናስበው ክረምቱ ሲገባ ነው። ደመናው ይከብዳል፣ ገበሬው ይዘራል፣ ልጆች ጃንጥላ ይፈልጋሉ። ስለዚህ «የሰኔ ዝናብ» ለእኛ በጊዜው የመጣ፣ የሚጠበቅ ዝናብ ነው። በጃቫ ተቃራኒው ነው። እዚያ ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከኖቬምበር እስከ ማርች ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ጁን በጋ ነው። በጁን የሚዘንብ ዝናብ ወቅቱን ስቶ የመጣ ነው። መሆን የማይገባው ቦታ ላይ የተገኘ እንግዳ ነው።

ይህን ካወቃችሁ ግጥሙ ይከፈታል። ግጥሙ ሦስት አጫጭር አንጓዎች አሉት። እያንዳንዱ ከሰኔ ዝናብ የበለጠ የለም ብሎ ይጀምራል፤ በመጀመሪያው ከእሱ የበለጠ ታጋሽ የለም፣ ቀጥሎ ደግሞ ከእሱ የበለጠ ብልህና አስተዋይ የለም። ለምን? ዝናቡ ለአበባማው ዛፍ ያለውን ናፍቆት ደብቆ ያዘው። መንገድ ላይ ያመነታ ዱካውን ራሱ አጠፋው። ሊናገረው ያልቻለውንም የዛፉ ሥር እንዲመጠው ተወው። አያችሁ? ይህ ጊዜው ያልሆነ ፍቅር ነው። አልመጣም ማለት ይቻላል፤ መጥቶ ግን አልተናገረም። ማንም ሳያየው ዛፉን አጠጥቶ ሄደ። በክረምት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ትርጉም አይኖረውም ነበር።

ግጥሙ ርዕሱን የሰጠው መድበል በ1994 ወጣ፤ የሠላሳ ዓመት ያህል ሥራዎቹን የያዘ ነው። እስከ ዛሬ ወጣቶች በጁን ወር ሲዘንብ ስንኞቹን ኢንተርኔት ላይ ይለጥፋሉ።

አሁን ወደ ሐያሲው እንሂድ። ሳፓርዲ ከ1974 ጀምሮ በኢንዶኔዥያ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1978 «የሥነ ጽሑፍ ሶሲዮሎጂ፦ አጭር መግቢያ» የሚል ቀጭን መጽሐፍ አወጣ። ያሳተመው የመንግሥት የቋንቋ ማዕከል ነው። ቀጭንነቱን አትናቁት። ስንት ትውልድ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ በእሱ ነው የጀመረው።

መጽሐፉ ምን ይላል? ዋናው ነገር ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። ሳፓርዲ ጥያቄዎቹን የወሰዳቸው ከእንግሊዛዊው ምሁር ከኢያን ዋት ነው። አንደኛው ስለ ጸሐፊው ነው። በምን ይተዳደራል? ደሞዝ የሚከፍለው ማን ነው? ለማን ነው የሚጽፈው? ሁለተኛው ስለ ሥራው ነው። መጽሐፉ ማኅበረሰቡን እንደ መስተዋት ያሳያል ይባላል፤ ግን ምን ያህል ታማኝ መስተዋት ነው? ጸሐፊው የመረጠውን ብቻ ቢያሳይስ? የሚያሳየው ከሃያ ዓመት በፊት የነበረውንና አሁን የሌለውን ኑሮ ቢሆንስ? ሦስተኛው ስለ ጥቅሙ ነው። ሥነ ጽሑፍ ማኅበረሰቡን ይለውጣል? ወይስ ያዝናናል? ወይስ እያዝናና ያስተምራል?

እነዚህ ጥያቄዎች ዛሬ ቀላል ይመስላሉ። ጊዜውን ግን አስታውሱ። ማርክሲዝምን ማስፋፋት በሕግ የተከለከለ ነበር፤ ሕጉ ከ1966 ጀምሮ ይሠራል። ስለ መደብና ስለ ሥነ ጽሑፍ ዝምድና ማውራት አደገኛ ነበር። ሳፓርዲ ግን ለተማሪዎቹ እነ ሉካችንና ጎልድማንን፣ ማለትም የማርክሲስት ሒስ ምሰሶዎችን፣ በእርጋታ አስተዋወቀ። ደግፎ አልጻፈም፣ አውግዞም አልጻፈም። አስረዳ። ከሌክራ ጋር አብሮ የተቀበረውን ጥያቄ፣ ማለትም ጽሑፍና ኑሮ ምን ያገናኛቸዋል የሚለውን፣ ከመፈክርነት አውጥቶ ወደ ክፍል መለሰው። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። በየግጥም ምሽቱ ስሙ ሲነሳ ይህ ለምን እንደማይነሳ አይገባኝም።

የዶክትሬት ሥራውም በዚሁ መንገድ ነው። በ1989 የጨረሰው በ1950ዎቹ የተጻፉ የጃቫኛ ልብ ወለዶችን አጥንቶ ነው። እሱ በኢንዶኔዥያኛ ስሙን የተከለ ሰው፣ ምሁራን ብዙም ዞር ብለው ወዳላዩት የእናቱ ቋንቋ መጻሕፍት ተመለሰ። በ1987 ደግሞ ከእነ ጉናዋን ሞሐመድ፣ ኡማር ካያም፣ ሱባግዮ ሳስትሮዋርዶዮና ከተርጓሚው ጆን ማክግሊን ጋር ሎንታር የሚባል ድርጅት አቋቋሙ፤ የኢንዶኔዥያን ሥነ ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ እያስተረጎመ የሚያሳትም። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲ ዲን ሆነ።

እንግዲህ ሦስቱን ጥያቄዎች በራሱ ላይ እንመልሳቸው። በምን ይተዳደር ነበር? የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ ደሞዙን የሚከፍለው የሱሃርቶ መንግሥት ነው። በዚያ ዘመን ገጣሚው ሬንድራ ግጥም አንብቦ በ1978 ለወራት ታስሯል። የሶሎ ልጅ የሆነው ዊጂ ቱኩል፣ የሠራተኛ ሰፈር ገጣሚ፣ በ1998 እንደወጣ አልተመለሰም፤ እስካሁን የገባበት አልታወቀም። ሳፓርዲ እንደነሱ አልጮኸም። በዚህ አላመሰግነውም፣ አልወቅሰውምም። ግን ዝም ብሏል የሚለው ልክ አይደለም።

ማስረጃዬ ማርሲናህ ናት። ማርሲናህ በምሥራቅ ጃቫ፣ በሲዶአርጆ የሰዓት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። በግንቦት 1993 ሠራተኞቹ የቀን ደመወዛቸው ከ1,700 ወደ 2,250 ሩፒያ ከፍ እንዲል ጠይቀው ሥራ አቆሙ። ከፊት ከነበሩት አንዷ እሷ ነበረች። ባልደረቦቿ ወታደራዊ ጽሕፈት ቤት ተጠርተው ሥራ እንዲለቁ ተገደዱ። ምን ሆኑ ብላ ልትጠይቅ ሄደች፤ ከዚያ ጠፋች። አስከሬኗ ከቀናት በኋላ ተገኘ፤ ተሠቃይታ ነው የሞተችው። ዕድሜዋ 24 ነበር። የተከሰሱት ሰዎች በኋላ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ነፃ ወጡ። ገዳይዋ ተለይቶ አልተፈረደበትም።

ሳፓርዲ «የማርሲናህ ተረት» የሚል ረዘም ያለ ግጥም ጻፈላት፤ ሱሃርቶ ሥልጣን ላይ እያሉ። ግጥሙ በቁጣ አይጀምርም። በሥራዋ ነው የሚጀምረው። የሰዓት ዘንግ፣ ብሎን፣ ጥርስ ያለው መንኮራኩር ታገጣጥማለች። ሥራዋ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ጊዜ ድርድር አያውቅም። ከዚያ ግጥሙ እየቆየ ማርሲናህን ራሷን እውነተኛዋ ሰዓት ያደርጋታል፤ ሳትታክት የምትቆጥር። ጊዜ የማይደራደር ከሆነ፣ ገዳዮቿ ከእሷ ጋር እንጂ ከጊዜ ጋር ምን ያደርጋሉ? ሳፓርዲ ይህን በቀጥታ አይልም። ብሎኑንና መንኮራኩሩን አሳይቶ ይተወናል። ወደ ምዕራብ የሚሄደውን ሰው የጻፈው ያው እጅ ነው፤ ያው ጸጥታ ነው። አሁን ግን ጸጥታው ሬሳ አጠገብ ቆሟል።

ግጥሙ በ2000 በወጣው «የእሳት አንቀጾች» መድበል ውስጥ ይገኛል፤ እዚያው መድበል ውስጥ በግንቦት 1998 ስለተቃጠለችው ጃካርታ የጻፈውም አለ። በኅዳር 2025 የኢንዶኔዥያ መንግሥት ማርሲናህን ብሔራዊ ጀግና ብሎ ሰየማት። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሥነ ሥርዓት፣ ያው ማዕረግ ለሱሃርቶም ተሰጠ። ግጥሙን ከዚህ ዜና ጋር አንብቡት።

ስለ ዘፈኖቹ አጠር አድርጌ ልለፍ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግጥሞቹ ዜማ ተሠራላቸው፤ አሪ ማሊቡና ሬዳ ጋውዲያሞ የሚባሉ ሁለት ድምፃውያን በአንድ ጊታር አዜሟቸው። ግጥም ገዝቶ የማያነብ ሰው ሁሉ በዜማው ለመዳቸው። ሳፓርዲ ይህን አልጠላውም። እንዲያውም ሐያሲው ሥራ ጀመረ። አንድ ሥራ ከአንድ የጥበብ ዓይነት ወደ ሌላው ሲሻገር ምን ይጠፋል፣ ምን ይጨመራል የሚለውን አጥንቶ መጽሐፍ ጻፈበት፣ አስተማረበት። በራሱም ሞከረው። በ2015፣ በ75 ዓመቱ፣ «የሰኔ ዝናብ»ን ልብ ወለድ አደረገው፤ የጃቫ ተወላጅ የሆነ የአንትሮፖሎጂ መምህርና ፒንግካን የምትባል፣ ግማሽ ዘሯ ከሰሜን ሱላዌሲ የሆነ ወጣት የፍቅር ታሪክ። ሁለት ተከታታይ ክፍሎች ወጡለት። በ2017 ፊልም ሆነ። እውነቱን ለመናገር ልብ ወለዶቹ የግጥሞቹን ያህል አይይዙኝም፤ ግጥሙ የዋጠውን ልብ ወለዱ ይናገረዋል። ግን በዚያ ዕድሜ ከልጅ ልጆቹ እኩያ አንባቢዎች ጋር እንደ አዲስ ጸሐፊ መገናኘቱ ያስቀናል። የመጨረሻ ዓመታቱን ፎቶ ብታዩ፣ ቆብ ያደረገ ቀጭን ሽማግሌ በወጣቶች ተከብቦ መጽሐፍ ሲፈርም ነው።

ሳፓርዲ ሐምሌ 19 ቀን 2020 በ80 ዓመቱ አረፈ፤ የተቀበረው በቦጎር ነው።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው ሎንታር «ከንጋት በፊት» በሚል ርዕስ ያሳተመው የእንግሊዝኛ ትርጉም አለ፤ ተርጓሚው ጆን ማክግሊን ነው። እኔ ብጠየቅ ከፍቅር ግጥሞቹ አትጀምሩ እላለሁ። ከ1971ዱ መንገደኛ ጀምሩ። ከዚያ የማርሲናህን ግጥም ፈልጋችሁ አንብቡ። የሠርግ ካርዷን ግጥም መጨረሻ ላይ አድርጓት። ያኔ እንጨቱና እሳቱ ስለ ጥንዶች ብቻ እንደማያወሩ ታያላችሁ።